የቱ ብራንድ ፍሪጅ ነው የሚታመነው? ምርር ብሎኛል

የአያቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፍሪጅ ልገዛ ነው፤ የቱን ስም እንደማምን ግን ግራ ገብቶኛል። ምክር ያለው ይምከረኝ።

አሁን እኛ ቤት ያለውን ስሙን አልጠራም። ብጠራው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማስታወቂያው ላይ ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ካሮትና ሰላጣ እያየች ትስቃለች። (ካሮት አይቶ የሚስቅ ሰው እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።) ስንገዛው ከጎኑ ስሙ ተሰምቶ የማይታወቅ፣ በዋጋ በጣም የሚያንስ ሌላ ቆሞ ነበር፤ ያንን ሁሉ ብር የጨመርነው ለስሙ ነው። በሩ ላይ "ኮምፕረሰር የ10 ዓመት ዋስትና" የሚል ሰማያዊ ተለጣፊ አለ። (ኮምፕረሰር የሚሉት ከኋላ ታች ያለውን፣ ጋዙን የሚያዞረውን ሞተር ነው።) ተለጣፊው እስካሁን አልተላጠም። ፍሪጁ ግን ሞቷል።

አሟሟቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ማቀዝቀዙ ቀነሰ። ሠራተኛ አመጣን፣ "ጋዝ አልቋል" አለ፣ ሞላ፣ ተከፈለው። ትንሽ ቆይቶ ያው ሆነ። ሌላ አመጣን፣ "የፊተኛው በደንብ አልሞላውም" ብሎ እሱም ሞላ፣ ተከፈለው። ከዚያ ጭራሽ ቆመና "ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል" ተባልን። ደስ አለኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ዋስትና አለኛ! ወደ ገዛንበት ደወልን። ሰውየው ትሑት ነው፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። "ዋስትናው የኮምፕረሰሩ ዕቃ ብቻ ነው፣ ጋዙ፣ የእጅ ዋጋውና ማመላለሻው በእናንተ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ደግሞ ለጊዜው ስቶክ ላይ የለም፣ ሲመጣ እንደውላለን" አለን። እስካሁን አልተደወለም። ላም አለኝ በሰማይ።

ፍሪጁ ብቻ ቢሆን እኮ ዕድል ነው እል ነበር። የውሃ ማፍያው ክዳን አልዘጋ አለ፣ የብሌንደሩ ጥርስ በርበሬ እንኳ ሳይነካ ሽንኩርት ላይ ተበላ፣ ካውያው ሶኬቱ ጋ ቀለጠ። ሁሉም ስም ያላቸው ናቸው። እና የቱን ልግዛ? ወይስ ብራንድ የሚባለው ነገር እንዲሁ ተለጣፊ ሆኖ ቀርቷል?


ፈታ በሉ፦

እህት፣ እኔ እኮ መርካቶ አዲዳስ ብዬ ገዝቼ ቤት ስደርስ ልጄ አንብቦ "አቢባስ ነው" አለኝ። የሚገርመው አቢባሱ እስካሁን አለ። ካንቺ ፍሪጅ በልጧል።


የድሮ ሰው፦

የድሮ ዕቃ ቀረ። እናቴ ቤት በደርግ ጊዜ የተገዛ ፍሪጅ አለ። እጀታው እንደ መኪና በር ነው፤ ስትዘጊው ቤቱ ይነቃነቃል። እስከ ዛሬ ይሠራል። ከእሱ በኋላ እኔና ወንድሞቼ ስንቱን ገዝተን ስንቱን ለቆራሌው ሸጠናል። አሁን ሆን ብለው እንዲበላሽ አድርገው ነው የሚሠሩት። በዓለም ያለ ነገር ነው። አምፖል ሠሪዎቹ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው "አምፖላችን ከ1000 ሰዓት በላይ አይብራ" ብለው ተስማምተው ነበር፤ ፌቡስ ይባላል ማኅበሩ። ኦስራምም ፊሊፕስም ነበሩበት። አምፖሉ እንዲቆይ ያደረገ ፋብሪካ መቀጮ ይከፍል ነበር። ታዲያ ያኔ ይህን ያደረገ ዛሬ ፍሪጅ ላይ ምን ይሳነዋል?


ሳሪስ፦

የድሮ ሰው፣ የፌቡሱ ነገር እውነት ነው። ግን የእናትህን ፍሪጅ የምታወራው ስለተረፈ ነው። በእሱ ዘመን ተገዝተው የሞቱት ዛሬ የሚያወራላቸው የለም፤ ምናለሽ ተራ ሄደው ቀልጠዋል። ደግሞ ያኔ ፍሪጅ የነበረው ቤት ስንት ነበር? ከሰፈሩ አንድ ሁለት ቤት። ዋጋው የሰው የስንት ወር ደመወዝ ነበር። ዛሬ በዚያ ልክ የሚከፍል ቢኖር ዛሬም ጠንካራ ዕቃ ይሠሩለታል፤ ሆቴሎች የሚገዙትን ማየት ነው። መብራቱንም አብዝቶ የሚበላው ያ የድሮው ነው፤ የእናትህን ቆጣሪ ብታየው።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ "ስም ያለው" ማለት ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እኔ የማውቀውን ልበል፣ ስም እየጠራሁ፤ ክስ አይደለም፣ በአደባባይ የታወቀ የንግድ ታሪክ ነው። ቶሺባ ስትሉ ጃፓን ትላላችሁ አይደል? የቶሺባ የቤት ዕቃ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 ለቻይናው ሚዲያ (Midea) ኩባንያ ተሸጧል፤ ስሙን ለ40 ዓመት እንዲጠቀምበት ጭምር ነው የተሰጠው። የቶሺባ ቴሌቪዥን ደግሞ በ2018 ወደ ሃይሴንስ ሄዷል። ሻርፕ በ2016 በታይዋኑ ፎክስኮን ተያዘ። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ክፍሉን በዚያው ዓመት ለቻይናው ሃየር ሸጧል፤ ዛሬም ዕቃው ላይ ጂኢ የሚለውን ታነባላችሁ። ፊሊፕስ ቴሌቪዥን የሚሠራው ፊሊፕስ አይደለም። ግሩንዲግ ብለን የጀርመን ነው ብለን የምንምልበት ዛሬ የቱርክ ኩባንያ ነው። ኖኪያ ስልክ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2016 በኋላ ኤችኤምዲ የሚባል ሌላ ድርጅት ነው ስሙን ተከራይቶ የሠራው።

ይሄ ማለት ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሚዲያም ሃየርም ጥሩ ዕቃ ይሠራሉ፤ በዓለም ትልልቆቹ ናቸው። ማለቴ፣ አባትሽ የሚያውቁት ስምና አንቺ ዛሬ የምትገዢው ዕቃ አንድ ቤት የተወለዱ አይደሉም። ስሙ ለብቻው ይሸጣል፣ ፋብሪካው ለብቻው ይሸጣል። አንድ ፋብሪካ ደግሞ ያንኑ ዕቃ በተለያየ ስም ያወጣል፤ በሩ ላይ የሚለጠፈው ይለያያል እንጂ ውስጡን ብትፈቺው ወንድማማች ነው። ከጎኑ ቆሞ የነበረው ስም የለሹ ፍሪጅ ምናልባት የራሱ የሟቹ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል።


የጥገና ባለሙያ፦

እህቴ፣ ሥራዬ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ መጠገን ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም፤ "ጋዝ ሞላ፣ ጋዝ ሞላ" የሚለውን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፍሪጅ ጋዝ አይጨርስም። እንደ መኪና ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ታሽጎ የሚዞር ነው። ካነሰ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። የሾለከበትን ሳይፈልግ የሚሞላ ሰው የሚሞላው የራሱን ኪስ ነው። ሌላው፣ አሁን የሚገቡት ፍሪጆች አብዛኞቹ የሚሠሩት አር600ኤ በሚባል ጋዝ ነው። ከኋላው ወይም በሩ ውስጥ በኩል ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ የእሳት ምልክትም አለው። መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፤ የብዙ ቤት ፍሪጅ ከ100 ግራም አይበልጥም። በሚዛን ተመዝኖ ነው የሚገባው። አንዳንዱ ግን ሚዛን የለውም፤ እንደ ድሮው በጌጅ (በግፊት መለኪያ) እየገመተ ይለቅበታል። የባሰው ደግሞ የድሮውን አር134ኤ ይሞላበታል፣ ያለው እሱ ስለሆነ። ኮምፕረሰሩም ዘይቱም የተሠራው ለሌላ ጋዝ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይሄዳል። ከዚያ "ብራንዱ ረከሰ" ይባላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ዋናው ነገር ግን መብራቱ ነው። የእኛ መብራት በወረቀት 220 ቮልት ነው። ማታ ሰው ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን ሲሰካ ግን ብዙ ሰፈር ላይ ይወርዳል፤ አምፖሉ ሲደክም ታይዋለሽ። አምፖል ቢደክም ምንም አይሆንም። ኮምፕረሰር ግን ሞተር ነው፤ ቮልቱ ሲያንስበት ለመነሳት ይታገላል፣ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ የሽቦው ሽፋን ውስጥ ለውስጥ ይቃጠላል። ርካሾቹ ላይ ደግሞ መዳብ የነበረው ጥቅል ሽቦ አሉሚኒየም ሆኗል። ከዚህም በላይ መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ሌላ ጣጣ አለ፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ያ ሳይሆን ተነስ ሲባል ይቆለፋል። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ምሽት ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሚሆን አስቢው። ኮንዶሚኒየም ላይ አንዳንዴ ደግሞ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ይላላል ወይም ይበጠሳል። ያኔ አንዱ ቤት ቮልቱ ሲወርድ ሌላው ቤት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ያን ቀን የአንድ ብሎክ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና ቻርጀር አብሮ ይነዳል። ያ ሁሉ የተለያየ ብራንድ በአንድ ማታ ተስማምቶ አልሞተም።

ኢንቨርተር የሚባሉት፣ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚያስተካክሉት ፍሪጆች፣ ይሻላሉ ወይ ብለው ብዙ ሰዎች ይጠይቁኛል። መብራት ይቆጥባሉ፣ ድምፅ የላቸውም፣ ሲነሱም ቀስ ብለው ስለሆነ ዝቅ ያለ ቮልት የተሻለ ይችላሉ። ግን ቦርድ አላቸው። ቦርዱ ድንገት ከፍ የሚል ቮልት አይወድም። ቦርዱ ሲቃጠል ደግሞ የዚያኑ ሞዴል ቦርድ ካላገኘሽ ኮምፕረሰሩ ጤነኛ ሆኖ ፍሪጁ የልብስ ቁም ሣጥን ይሆናል። አይቻለሁ፣ ጫማ ተደርድሮበት።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። "ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል" ያለሽ ሰው በምን ለካው? ስትሰኪው ከኋላ በኩል ታች እም... ብሎ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ቀጭ ይላል? ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንዲሁ ይደግማል?


ስቶክሆልም ያለሁት፦

እዚህ ስዊድን ያለውን ልንገራችሁ፣ ለቅናት አይደለም። ዕቃ ገዝተሽ ከመጀመሪያው የነበረ ጉድለት ከወጣበት እስከ 3 ዓመት ድረስ ሻጩን ነው የምትይዢው። ፋብሪካው የት እንዳለ አይመለከትሽም። የአውሮፓ ኅብረት ዝቅተኛው 2 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ፍሪጅ አምራች የሆነ ሁሉ ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ እንኳ ቴርሞስታት፣ ቦርድና የመሳሰለውን መለዋወጫ ለ7 ዓመት እንዲያቀርብ ይገደዳል። የበሩ ጎማ 10 ዓመት ነው።

ግን እውነቱን ልናገር? እዚህም ይጣላል። የጥገናው ክፍያ አዲስ ፍሪጅ ዋጋ ጋ ሊጠጋ ይችላል። አገር ቤት እጅ አለ፣ ዕቃ የለም። እዚህ ዕቃ አለ፣ እጅ አይቀመስም። ያንቺን ፍሪጅ እዚህ ማንም አንስቶ አያየውም፤ ታች ቆሻሻ መለያው ጋ ወስደሽ ታቆሚዋለሽ፣ በቃ።


የገርጂዋ እናት፦

ልጄ፣ እኔ ስለ ፍሪጅ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። ምጣዴ ምን ብራንድ ነው? ስም የለውም። አንድ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የሚሠራ ልጅ ነው የሠራልኝ። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሌላ ሸክላ ይገባል። ረዚስታንሱ ሲበጠስ ልጁ ይገለብጠዋል፣ ጀሶውን ይፈለፍላል፣ አዲስ ሽቦ በቦዩ ላይ ይዘረጋል፣ መልሶ በጀሶ ይደፍናል፣ ሲደርቅ አምጥቶ ይሰካልኛል። ከሰዓት በኋላ እጋግራለሁ። በሳምንት ስንት እንጀራ እንደሚወጣበት እናንተ ገምቱ፤ እሳቱ ደግሞ ከሁሉ ዕቃ ይበልጣል፣ ቆጣሪው እንደ እብድ ነው የሚዞረው። ያ ሁሉ ሆኖ ልጆቼ ሳይወለዱ የገዛሁት ነው። ከእሱ ጋር አብሮ የገባው ስም ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ማብሪያው ተሰብሮ "ይህ ዓይነት አይመጣም" ተብሎ ተጥሏል። ለአንዲት ማብሪያ!


ሳሪስ፦

እማዬ፣ እዚህ ከተጻፈው ሁሉ እርስዎ ያሉት ይሻላል። የአያቷ፣ መጠየቅ ያለብሽ "የቱ ብራንድ አይበላሽም" ሳይሆን "ሲበላሽ መለዋወጫው አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል ወይ" የሚለውን ነው። ከመግዛትሽ በፊት ሞዴሉን ጻፊና ሦስት መለዋወጫ ሻጮች ጋ ሂጂ። "የዚህ ቦርድ አለ? የበሩ ጎማ አለ? ቴርሞስታቱስ?" በይ። ሦስቱም ጋ "አይ፣ ይሄ አይመጣም" ካሉሽ ስሙ ወርቅ ቢሆን ተይው። "ሞልቷል" ካሉሽ ግን፣ ብዙ ሰው ያለው ሞዴል ነው ማለት ነው፤ ሠራተኛውም እጁ ለምዶታል።


ባለሱቅ ነኝ፦

ሁሉም ሻጭን ይሰድባል፣ ልመልስ። እኔ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እሸጣለሁ።

መለዋወጫ የማናስገባው ተንኮለኛ ስለሆንን አይደለም። ዶላር ሲገኝ በዶላሩ የሚሸጥ ዕቃ ነው የሚመጣው። ቦርድና ቴርሞስታት አስመጥቼ ሰው እስኪበላሽበት መደርደሪያ ላይ ቁጭ ላድርገው? ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ያው የምታውቁት ነው። በአሮጌ ዋጋ የተሰጠ ዋስትና በአዲስ ዋጋ ዕቃ ሲጠየቅበት ከሻጭ ኪስ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛ ነገር፣ ደንበኛው ራሱ ምን ይላል? ይገባል፣ "ኦሪጅናል ነው?" ይላል። "ነው" እላለሁ። ዋጋውን ሲሰማ ይደነግጣል። "ሌላ የለም? ያንኑ የሚመስል?" ይላል። የሚመስል አለ። ያንን ይወስዳል። ቤቱ ሲሄድ ለጎረቤት "ኦሪጅናል ነው" ብሎ ያወራል። ሲበላሽ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ደግሞ የትኛው ደንበኛ ምን እንደገዛ ሳልረሳ ነው የምኖረው፣ ደብተር አለኝ።

ስታብላይዘር (ቮልቱን የሚያስተካክለውን ዕቃ) ግዙ ስንል "መሸጥ ፈልጎ ነው" ትሉናላችሁ። ጠጋኙ ስለ ቮልቱ ሲናገር ግን ሁላችሁም ጭንቅላት ትነቀንቃላችሁ።


ፈታ በሉ፦

ባለሱቅ፣ "የሚመስል አለ" የምትለዋን ቃል ሱቅህ በር ላይ ለጥፋት፤ ከሁሉ ማስታወቂያ ሐቀኛዋ እሷ ናት።


ሕግ ነክ፦

የባለሱቁን ችግር እረዳለሁ፤ ግን ሁሉም ሱቅ ግድግዳ ላይ ያለችውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የምትለዋን ወረቀት ላንሳ። እንዲሁ የጌጥ ናት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚለው ሌላ ነው። የገዛሽው ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ትችያለሽ። ሻጩ የሰጠሽ ዋስትና ከዚህ የተሻለ ከሆነ ደግሞ የተሻለውን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ቀለሙን ስላልወደድሽው አይደለም፣ ጉድለት መኖር አለበት። 15 ቀን ትንሽ ናት፤ ስለዚህ ፍሪጅ ገዝቶ "በዓል ሲደርስ እንከፍተዋለን" ብሎ ካርቶኑ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው መብቱን በካርቶን አሽጎ ነው የሚያስቀምጠው። የዚያኑ ቀን ክፈቱ፣ ሰክታችሁ አድሩበት። (አጓጉዞ ያመጣው ሰው አጋድሞት ከነበረ መጀመሪያ ጥቂት ሰዓት ቆሞ ይቆይ።)

አቤቱታ ድሮ ለራሱ ለሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣኑ ነበር፤ አሁን ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃልሏል፤ በከተማም ንግድ ቢሮ አለ።

የሁሉ መሠረት ግን ደረሰኝ ነው። ሁላችንም የምናውቃት ንግግር አለች አይደል፤ "በደረሰኝ ከሆነ ይሄን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ግን ላንቺ ብዬ..." የምትባለዋ። ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ ፍሪጅ ላይ ትልቅ ብር ናት፣ ትፈትናለች። ያለ ደረሰኝ የወሰድሽ ቀን ግን ሰውየው ነገ "አላውቅሽም" ቢልሽ የምትይዢው ነገር የለም። የዋስትና ካርዱም ላይ የፍሪጁ ተከታታይ ቁጥርና የሻጩ ማኅተም መኖሩን እይ። ማኅተም የሌለው ካርድ የልደት ካርድ ነው። ደግሞ "10 ዓመት" የምትለዋን ተለጣፊ ሳይሆን በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ጠይቂ፤ አጠቃላይ ዕቃው ስንት ነው፣ ኮምፕረሰሩ ስንት ነው፣ እጅና ጋዝ ይጨምራል ወይ፣ የቮልቴጅ ጉዳት ይሸፍናል ወይ። የመጨረሻዋን አብዛኛው አይሸፍንም፤ የእኛ አገር ብልሽት ደግሞ አብዛኛው እሷ ናት።


ሪያድ ነበርኩ፦

ከውጭ ላምጣ ለምትሉ አንዲት ነገር። ዱባይ መብራቱ 50 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው)፣ እንደኛው ነው፣ ሶኬቱ ብቻ እግሮቹ ሦስት፣ ቅርጻቸውም አራት ማዕዘን ስለሆነ ይቀየራል። ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ነው። ኢትዮጵያ 50 ነው። ፍሪጁ ላይ 50/60 ካልተጻፈበት ተዉት። የአሜሪካውማ ቮልቱም 120 ነው፤ ትራንስፎርመር ብትገዙለት ኸርዙን አይቀይረውም። እኔ ጓዜን ስጭን ሰው ሁሉ "ከውጭ የመጣ ዕቃ ጠንካራ ነው" ይለኝ ነበር። ዱባይ ያለው ዕቃም እኮ ከዚያው ከቻይና ነው የመጣው። የዱባዩን ዋስትና ይዛችሁ አዲስ አበባ ብትጠይቁ ደግሞ የሚያያችሁ የለም።


የአያቷ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እማማ የገርጂዋን በተለይ። ደረሰኝ አለኝ፣ ቫት የከፈልንበት ነው፣ ካርዱም ማኅተም አለው፤ ነገ ይዤ ሱቁ እሄዳለሁ። በስልክ ለስላሳ ሰውዬ በአካል ምን እንደሚል አያለሁ።

የጥገና ባለሙያ፣ በምን እንደለካው ጠየቅከኝ። በምንም አልለካም! እጁን አስቀመጠበት፣ "ይፋጃል" አለ፣ በቃ። ያልከውን አሁን ሰክቼ አዳመጥኩ። እም ይላል፣ ከዚያ ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይደግመዋል። ባለቤቴም ሰምቷል። ምን ማለት ነው?


የጥገና ባለሙያ፦

ይሄ የሞተ ኮምፕረሰር ላይሆን ይችላል። ለመነሳት እየሞከረ፣ መከላከያው እየቆረጠው ነው። የሚያስነሳው ሪሌይ ተበላሽቶም እንዲህ ይላል። ሪሌይ ደግሞ የኮምፕረሰሩን ዋጋ ትንሽ ክፋይ እንኳ አታወጣም። ኮምፕረሰሩ ራሱ ተቆልፎም ሊሆን ይችላል፣ ሳላየው አልምልልሽም።

ሶኬቱን ንቀይ። አጥፊው አላልኩም፣ ንቀይ። ከኋላ ታች ኮምፕረሰሩ ጎን ላይ ጥቁር ወይም ነጭ የፕላስቲክ ክዳን አለ፤ በአንድ ሽቦ ማያዣ ነው የተያዘው። ባለቤትሽ ይፍታው። ሪሌዩ ሦስቱ እግሮች ላይ ተሰክቷል፤ ቀስ ብሎ ይሳበውና ጆሮው አጠገብ ይነቅንቀው። ውስጡ እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ተሰብሯል ማለት ነው። የተቃጠለ ሽታም ይኖረዋል። እስከዚያው ደጋግማችሁ አትሰኩት፣ የምር ታቃጥሉታላችሁ።

ወደ ሱቁ ከመሄድሽ በፊትም ይህን አድርጊ፤ ግን ክዳኑ ላይ የዋስትና ማኅተም ወረቀት ከተለጠፈበት እንዳትነኩት፣ እሱን ሰበብ ያደርጉታል። ካልተለጠፈ ሪሌዩን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልኝ፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ኮምፕረሰሩ ላይ ያለችውንም ወረቀት አብረሽ አንሺ፣ ጋዙ የቱ እንደነበረ እንዳየው።